ሳይቀላ የሚቀልጥ፤ ስለ አሉሚኒየም የሞተር ቀፎ ብየዳ

 

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ሥራ ነው፤ የተሰበረ የአሉሚኒየም ሞተር ቀፎ በብየዳ ስለ መጠገን። ቀፎ ስል ክራንክ ሻፍቱንና ማርሹን በውስጡ ይዞ፣ ዘይቱን አቁሮ የሚኖረውን የሞተር አካል ማለቴ ነው። በሞተር ሳይክልና በባጃጅ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የሚገጠመው፣ በአውቶሞቢል ሞኖብሎክ የምንለው፣ ከሥሩ የሚታሰረው የዘይት ቋት፣ ከኋላው የሚቀጥለው የካምቢዮ ቤት፣ ሁሉንም በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ። ከአሉሚኒየም እስከተሠሩ ድረስ በብየዳ ጊዜ የሚያሳዩት ጠባይ ተቀራራቢ ነውና።

ቀፎ እንዴት እንደሚሰበር ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ይበጠስና ከፊተኛው ጥርስ ሥር ተከማችቶ የቀፎውን ግድግዳ ይበሳል። ቢየላ ይሰበርና ከውስጥ ወደ ውጭ መስኮት ይከፍታል። ባጃጅ ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ ከርሞ ሞተሩ የሚታሰርበት ጆሮ ይሰነጠቃል። የአውቶሞቢል የዘይት ቋት ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን በገዛ እጃችን የምንሰብረው ነው። የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን በረዥም ቁልፍ ታግሎ የሚያጠብቅ ሰው መጀመሪያ ጥርሱን ይጨርሰዋል፣ ቀጥሎም ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ ባለቤቱ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። የሞዴሉ ቀፎ ከተገኘ ዋጋው ያስደነግጠዋል፤ ካልተገኘ ተሽከርካሪው ቆሞ ይቀራል። የተሰበረው በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው ይሸጥና ቀልጦ ድስት ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ ዛሬ መንገድ ላይ ያለው ሞተር ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው። የኤሌክትሪክ መኪናውም ቢሆን የሞተሩ ቤት ባመዛኙ አሉሚኒየም ነው። ይህን ሥራ በደንብ የሚያውቅ ሰው ለረጅም ጊዜ ይፈለጋል።

የሥራውን ክብደት ለማሳየት አንድ ታሪክ ላንሣ። ራይት ወንድማማቾች በዴይተን ኦሃዮ የመጀመሪያውን አውሮፕላናቸውን ሲሠሩ ሞተሩን ያዘጋጀላቸው ቻርሊ ቴይለር የሚባል መካኒክ ነበር። ክብደት ለመቀነስ ብለው ቀፎውን ከአሉሚኒየም አስፈሰሱት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1903 ሞተሩን ሲሞክሩ የተንጠባጠበ ቤንዚን ኩሽኔታዎቹ እንዲነክሱ አደረገ፤ ቀፎው ተሰበረ። ሰው የሚያበርር ክንፍ መሥራት የቻሉ ሰዎች ያንን ስብራት መልሰው ሊገጥሙት አልቻሉም፤ በዚያ ዘመን የተሰበረ የአሉሚኒየም ቀፎ የሚጠገንበት አስተማማኝ የብየዳ መንገድ አልነበረምና። አዲስ ቀፎ አስፈስሰው እስከ ኤፕሪል መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ዲሴምበር 17 ቀን የበረሩት በሁለተኛው ቀፎ ነው። ዛሬ ያ ስብራት በአንዲት የአዲስ አበባ ጋራዥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠገን ይችላል፤ የሚሠራው ሰው ምን እየሠራ እንዳለ ካወቀ።

ማወቅ ስል ምን ማለቴ ነው? በብረት ብየዳ ያደገ ሰው ሥራውን የተማረው በዓይኑ ነው። ብረቱ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ይቀላል፣ ይነጣል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ቀለሙን አይቶ እጁን ያፋጥናል ወይም ያዘገያል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ንጹሑ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ የቀፎው ቅይጥ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። በዚያ ሙቀት ላይ ዓይናችን የሚያየው ምንም የቀለም ለውጥ የለም። ነጭ ሆኖ ይቆይና ድንገት ተደርምሶ መሬት ላይ ይፈስሳል። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል፤ በአሉሚኒየም ሥራ ዓይን የማይደርስባቸው ነገሮች ይበዛሉ፣ በያጁም እነሱን በዕውቀት ካልደረሰባቸው በእጅ ጥበብ ብቻ አይወጣቸውም።

የመጀመሪያው የማይታይ ነገር በላዩ ላይ ያለው ቆዳ ነው። አሉሚኒየም አየር በነካው ቅጽበት ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ እጅግ ስስ የሆነ ኦክሳይድ ይለብሳል። ቆዳው ባይኖር ኖሮ ድስታችን ሁሉ በዝገት ያልቅ ነበር፤ በብየዳ ጊዜ ግን ጠላት ነው። ምክንያቱም ኦክሳይዱ የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ በላይ ነው። ሥሩ ያለው አሉሚኒየም ቀልጦ ሳለ ላዩ እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት ተይዞ ይቆያል። ጀማሪው ቀፎው ያልቀለጠ መስሎት ሙቀት ይጨምራል፤ ከቆዳው በታች ያለው ይሰፋና ይፈርሳል። ወይም ደግሞ ቀልጦ የተንጠባጠበው መሙያ ዘንግ ከቆዳው በላይ ይንከባለላል፣ ከሥሩ ካለው ጋር ሳይዋሃድም ይረጋል። ላየው ሰው የተበየደ ይመስላል፤ በመዶሻ ቢነኩት ይነሣል።

ድሮ ይህን ቆዳ የሚሰብሩት በኬሚካል ነበር። በኦክሲጅንና በአሴቲሊን ነበልባል የሚበይድ ሰው የክሎራይድና የፍሎራይድ ጨው ዱቄት በዘንጉ ላይ ይቀባል፤ ዱቄቱ ኦክሳይዱን ያሟሟዋል። ዘዴው ዛሬም ይሠራል። ዱቄቱ ግን በሙቅ ውኃ ተፍቆ ካልታጠበ ቀፎውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በሞተር ቀፎ ውስጥ ደግሞ ፍርግርጉና የዘይት መተላለፊያው ብዙ ስለሆነ ሁሉንም አጥቦ መጨረስ ከባድ ነው።

መንገዱን የለወጠው የአርጎን ብየዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በኖርዝሮፕ የአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ራስል ሜሬዲት ማግኒዚየም ለመበየድ ፈልጎ የተንግስተን ጫፍና የሂሊየም ጋዝ አንድ ላይ አዋለ። የፈጠራ መብቱን በ1942 አገኘ። ተንግስተን ከ3,400 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፤ ስለዚህ አርኩን ይሸከማል እንጂ ራሱ ወደ ብየዳው አይገባም። ጋዙ አየሩን ያርቃል። ኋላ ሂሊየሙን በአብዛኛው አርጎን ተካው፣ ለአሉሚኒየምም ኤሲ ከረንት ተመረጠ። የኤሲው ጥቅም ይህ ነው፤ ከረንቱ አቅጣጫውን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይለዋውጣል። ተንግስተኑ ፖዘቲቭ በሚሆንበት ግማሽ ላይ ኦክሳይዱ እየተሰበረ ይጸዳል፤ ኔጌቲቭ በሚሆንበት ግማሽ ላይ ሙቀቱ ወደ ቀፎው ዘልቆ ይገባል። አንዱ ያጸዳል፣ አንዱ ያቀልጣል።

እዚህ ላይ የጋራዥ ባለቤቶች እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። ገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት የአርጎን ማሽኖች ብዙዎቹ ዲሲ ብቻ ናቸው። አይዝጌ ብረትና ተራ ብረት ይበይዳሉ፤ በአርጎን ሆነው አሉሚኒየምን ግን አያጸዱም። ማሽኑ ላይ ኤሲ የሚል መምረጫ ከሌለ፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ ለዚህ ሥራ አትግዙት። አቅሙንም ተመልከቱ። በግምት ለአንድ ሚሊሜትር ውፍረት 40 አምፔር ይፈለጋል፤ 5 ሚሊሜትር ግድግዳ ያለው ቀፎ 200 አምፔር ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። የአካባቢያችሁ መስመር ያንን መሸከም መቻል አለመቻሉን ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠይቁ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ወደ ማጽዳቱ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ዝግጅት ያየዋል። ለእኔ ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ አርኩ የመጨረሻዋ አጭር ክፍል ናት።

የሞተር ቀፎ ዕድሜውን ሁሉ ትኩስ ዘይት ሲጠጣ የኖረ ነው። የተፈሰሰ አሉሚኒየም ከላይ ድፍን ቢመስልም ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ አለበት፤ ስንጥቁም ዘይቱን ወደ ውስጥ ስቦ ያስገባዋል። ላዩን በቤንዚን ወልውላችሁ አብረቅራቂ ታደርጉታላችሁ፣ አርኩ ሲነካው ግን ከውስጡ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ቅልጡም ይፈላል። ዘይት ሃይድሮጅን አለው። ቀልጦ ያለ አሉሚኒየም ሃይድሮጅንን በብዛት ይይዛል፤ ሲረጋ ግን ሊይዝ የሚችለው ከዚያ ወደ ሃያኛው እጅ ገደማ ብቻ ነው። የተረፈው ማምለጫ አጥቶ የአየር ኪስ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ብየዳ ከላይ ያማረ ሆኖ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ወይም በመጀመሪያው ንዝረት እንደገና ይሰነጠቃል። ውኃና እርጥበትም ያንኑ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ክረምት ላይ ከግቢ የገባ ቀዝቃዛ ቀፎ ሳይደርቅ አይበየድም።

ስለዚህ መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በማጽጃ ይታጠባል። ከዚያ ስብራቱ ዙሪያ ያለው ቀለም፣ የድሮ ማጣበቂያና የጓርኒሽን ቅሪት ተፍቆ ይነሣል። ቀጥሎ ቀፎው በእርጋታ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ዘይቱ ከስንጥቁ ውስጥ ላብ ሆኖ ይወጣል። ይጠረጋል፣ ይሞቃል፣ እንደገና ይጠረጋል። ላቡ እስኪያቆም ድረስ መድገም ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይሸነፋል፤ ብዙ የተበላሸ ሥራ አይቼ ምክንያቱን ስፈልግ የማገኘው እዚሁ ነው። በመጨረሻም ለአሉሚኒየም ብቻ በተለየ የማይዝግ ብረት ብሩሽ ይቦረሻል፣ በአሴቶንም ይወለወላል። ያ ብሩሽ አንድ ጊዜ ተራ ብረት ከነካ ለዚህ ሥራ አይመለስ።

አንድ አደጋ ላስጠንቅቃችሁ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ዘይት ስለሚያስለቅቅ በያጆች ይወዱታል። ከእነዚህ ስፕሬዮች ክሎሪን ያለባቸው አሉ። የአርኩ ጨረርና ሙቀት የዚህን ፈሳሽ ትነት ሲያገኝ ፎስጂን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የተጨፈጨፈበት ጋዝ ነው። ትንሽ የተነፈሰ ሰው ወዲያው ላይሰማው ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ይሞላል። ቆርቆሮው ላይ በስሙ ውስጥ ክሎሮ የሚል ቃል ያለበትን ማንኛውንም ፈሳሽ ወደ ብየዳ ክፍል አታስገቡ። ደርቋል ብላችሁ አትመኑ፤ ስንጥቅ ውስጥ ያለው አይደርቅም። ልጆቻችንን ስናሠለጥን ይህን ከማሽኑ ማብሪያ ቀድመን እናስተምራቸው።

ሁለተኛው የማይታይ ነገር የቀፎው ማንነት ነው። አሉሚኒየም ብለን የምንጠራው ቅይጥ ነው፤ በቀፎዎች ላይ ሲሊከን ይበዛል፣ መዳብና ማግኒዚየምም ይገባሉ። ሲሊከን ያለበትን ቀፎ ሲሊከን ባለበት ዘንግ ነው የምንሞላው። 4043 የሚባለው ዘንግ 5 በመቶ ገደማ ሲሊከን አለው፤ 4047 ደግሞ 12 በመቶ ገደማ ይዞ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ በደንብም ይፈስሳል፣ ለስንጥቅም ብዙ አይጋለጥም። ማግኒዚየም የሚበዛበት 5356 ለቆርቆሮና ለፕሮፋይል ጥሩ ነው፤ ሲሊከን ከሞላው ቀፎ ጋር ሲገናኝ ግን ተሰባሪ ውህድ ስለሚፈጥር አይመከርም። ብዙ ሱቅ ውስጥ ዘንጎቹ ከመያዣቸው ወጥተው ተደባልቀው ይሸጣሉ። ቁጥሩ ያልተጻፈበት ዘንግ አትግዙ፣ የገዛችሁትንም አትቀላቅሉ።

አሠራሩም ይለያያል። በአሸዋ ቅርጽ የተፈሰሰ ቀፎ ላዩ ሻካራ ነው፤ በአንጻሩ ለብየዳ ገራገር ነው። በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ተወግቶ የወጣው ግን ግድግዳው ስስ፣ ፊቱ ለስላሳ ነው፣ ከቅርጹ የገፉት ዘንጎች የተዉት ክብ ምልክትም ይታይበታል። የዛሬ ሞተር ሳይክሎች ቀፎ አብዛኛው እንዲህ ነው። ግፊቱ አየር አብሮ ስለሚያስገባ ስታቀልጡት የታመቀው አየር ይፈነዳል። እንዲህ ዓይነቱን ፈልቶ እስኪያበቃ አቅልጦ፣ የተበላሸውን ፍቆ፣ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። ጥሩ ባለሙያ የሠራውም ቢሆን የተወሰነ ቀዳዳ ይቀርበታል፤ ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አሉሚኒየም መስሎ ማግኒዚየም የሆነ ቀፎም አለ። በከተማችን ብዙ ዘመን ያገለገለው፣ ሞተሩ ከኋላ ያለውና በአየር የሚቀዘቅዘው የድሮው ቮልስዋገን ከፋብሪካ የወጣበት ቀፎ ባመዛኙ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። የአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች የጎን ክዳንም እንዲሁ። መለያው ቀላል ነው። ትንሽ ቦታ ፋቅ አድርጉና አንድ ጠብታ አቼቶ አንጠባጥቡበት፤ ወዲያው አረፋ ከሠራ ማግኒዚየም ነው። ማግኒዚየም በራሱ ዘንግ ይበየዳል፣ ሜሬዲትም የጀመረው በእሱ ነው። በግራይንደር ሲፋቅ የሚወጣው ዱቄቱ ግን በቀላሉ ይያያዛል፤ እሳቱ ላይ ውኃ ብታፈሱ ሃይድሮጅን እየፈጠረ ይባባሳል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገባችሁ ሳይቀመጥ የቮልስ ቀፎ አትንኩ።

ስንጥቁን ወደ መክፈት እንሂድ። የምታዩት ስንጥቅ ከእውነተኛው ያጥራል። ጫፉ ለዓይን ከጠፋበት ቦታ አልፎ ይሄዳል። ሰርጎ የሚገባ ቀለም ያለው ሰው በእሱ ይፈልገዋል፤ የሌለው ነጭ ጋዝ ቀብቶ ይወልውልና የኖራ ወይም የጠመኔ ዱቄት ይነስንስበት፣ ከስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ዱቄቱን እያረጠበ መስመሩን ያወጣዋል። ከእውነተኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ስንጥቁ ከሙቀቱ ፊት ፊት እየሸሸ እንዳይረዝም። ከዚያ መስመሩ ቦይ ሆኖ ይከፈታል። ለዚህ የካርባይድ ጥርስ ያለው መፋቂያ ይሻላል፤ ተራ የግራይንደር ድንጋይ በአሉሚኒየም ይደፈናል፣ ቅንጣቱንም ቀፎው ላይ ተክሎ ይተዋል። ጉድጓድ የሆነ ስብራት ከሆነና ቁራጩ ከተገኘ መልሳችሁ ግጠሙት። ካልተገኘ ሌላ የተጣለ ቀፎ ቆርጣችሁ ልጣፍ አድርጉ። ለዚህ ነው ከቁራሌው ቀድማችሁ አሮጌ ቀፎ አከማቹ የምለው።

ቀፎው በርካሽ የዚንክ ዘንግ ቀድሞ ተለጥፎ ከመጣላችሁ ደግሞ ያ ሁሉ እስከ ንጹሑ አሉሚኒየም ድረስ ይነሣ። ዚንክ በአርክ ሙቀት ይተንናል፣ ጭሱም ብየዳውን ያበላሻል፣ በያጁንም ያሳምማል።

ሙቀት ራሱም የማይታይ ጉልበት ነው። የቀፎ አሉሚኒየም ሙቀትን ከተራ ብረት ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ያህል አፍጥኖ ያስተላልፋል፤ ሲሞቅም ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ቀዝቃዛ ወፍራም ቀፎ ላይ አርክ ብታነሡ ሙቀቱ እየሸሸ ቅልጥ አይገኝም፤ ሲገኝ ደግሞ አንዱ ቦታ ተለጥጦ ጎኑ ቀዝቅዞ ስለሚቆይ አጠገቡ አዲስ ስንጥቅ ይወጣል። ስለዚህ ቀፎው በሙሉ በዝግታ ወደ 150 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ ከ200 ባያልፍ ይመረጣል። በመብራት ጠቋሚ ቴርሞሜትር የምትለኩ ተጠንቀቁ፤ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም የሚሰጠው ጨረር ትንሽ ስለሆነ መሣሪያው ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ቁጥር ያሳያችኋል። ጥቂት ቦታ ጥቁር ቀለም ቀብታችሁ እሱን ለኩ።

ሁለቱ የቀፎ ግማሾች ሲበየዱ በብሎኖቻቸው ተጠብቀው አንድ ላይ ይሁኑ፣ የዘይት ቋትም ከወፍራም ብረት ጋር ይታሰር፤ አለዚያ ፊቱ ይጠመዘዛል። የኩሽኔታ ቦታ አጠገብ ከሆነ አሮጌ ኩሽኔታ ወይም በቶርኖ የተሠራ ዘንግ እዚያው ይግባ። በያጁም ዘንጉን በአጭር በአጭሩ እየሞላ ቦታ ይቀያይር። ስለ አርኩ አያያዝ ብዙ አልናገርም፤ እሱ በቃል ሳይሆን በእጅ የሚተላለፍ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ መጨረሻ ላይ ከረንቱን ድንገት አትቁረጡ። ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፣ ጉድጓዱን ሙሉት። ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያች ጉድጓድ ነው።

ብየዳው አልቆ ሲቀዘቅዝ የመጨረሻው የማይታይ ነገር ይመጣል፤ የጠፋው ጥንካሬ። ስለ ራይት ወንድማማቾች ቀፎ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 ፍራንክ ጌይልና ማርታ ጉድዌይ የተባሉ ተመራማሪዎች የበረሩበትን ቀፎ ቁራጭ በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ መርምረው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ቀፎው 8 በመቶ ገደማ መዳብ ነበረበት፤ በውስጡም ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን የመዳብ ቅንጣቶች ተሰድረው ያጠነክሩት ነበር። ይህን ዓይነት መጠንከር አልፍሬድ ቪልም የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1906 እስኪደርስበት ድረስ ማንም አያውቀውም ነበር። ቅርጹ ውስጥ ሲቀዘቅዝ በራሱ የሆነ ነው።

ቅንጣቶቹ በሙቀት የመጡ ስለሆኑ በሙቀት ይሄዳሉ። በሙቀት የጠነከረ ቀፎ ሲበየድ በብየዳው ግራና ቀኝ ያለው ጠርዝ ይለሰልሳል። ስለዚህ በድጋሚ የሚሰበረው አዘውትሮ ብየዳው ሳይሆን ጎኑ ነው። በፋብሪካ ጥንካሬው እንዲመለስ ቀፎው ለሰዓታት 540 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፣ በውኃ ይነከራል፣ ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት ይበስላል። በጋራዥ ይህን እናድርግ ብንል ቀፎው ይጣመማል። ደግነቱ በግፊት ከተወጉት ቀፎዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሕክምና ስላልተደረገላቸው የሚያጡት ጥቂት ነው።

እንግዲህ እንቢ ማለት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዘይት የሚይዝ ግድግዳ፣ የጎን ክዳን፣ የዘይት ቋት፣ ያለቀ የብሎን ጥርስ፣ እነዚህን በልበ ሙሉነት እበይዳለሁ። የሞተር ማሰሪያ ጆሮ ሲሆን ከውስጥም ከውጭም ሞልቼ፣ ቦታ ከፈቀደ አወፍረዋለሁ። የክራንክ ሻፍት ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ግድግዳ ከተሰነጠቀ ግን መሐሉን በትክክል የሚያወጣ ቶርኖ ቤት ከሌለ አልነካም፤ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር የተዛነፈ ኩሽኔታ ሞተሩን ይበላዋልና። የሞተር ሳይክል ዥዋዥዌ፣ የፊት ሹካና የጎማ ቸርኬ ለብየዳ ይዘው ሲመጡ አልቀበልም። እነዚህ ሲሰበሩ የሚወድቀው ዘይት ሳይሆን ሰው ነው። ደንበኛው ይቆጣል፣ ሌላ ቦታ ይሠሩልኛል ይላል። ይሂድ።

የተበየደው ይፈተን። ከአንዱ ጎን የጠመኔ ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ከሌላው ጎን ነጭ ጋዝ አፍስሱና አሳድሩት። ጠዋት ጠመኔው ላይ ቅባታም ነጥብ ከታየ ቀዳዳ አለ። የሚጋጠመው ፊት በመስታወት ላይ ተደርጎ ቀጥ ማለቱ ይታይ፣ ካስፈለገ ይፈረዝ። ውስጡ ታጥቦ አንድም የብረት ብናኝ እንዳይቀር፤ በዘይቱ መንገድ የቀረች ፍርፋሪ ብየዳውን ሁሉ ዋጋ ታሳጣዋለች። ለባለቤቱም የተበየደውን ቦታ፣ የተጠቀማችሁበትን ዘንግ ቁጥርና ያልተማመናችሁበትን ነገር ጽፋችሁ ስጡት። ነገ ሌላ በያጅ ሲከፍተው ከምን ጋር እንደተገናኘ ያውቃል።

ለአሠልጣኞች አንድ ልመና አለኝ። ሠልጣኞቻችን የሚመዘኑት በብየዳው መስመር ውበት ነው። በአሉሚኒየም ይህ አይበቃም። የተጣሉ ቀፎዎችን ሰብስቡ፣ ስበሯቸው፣ ልጆቹ ይበይዷቸው፣ ከዚያ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ውስጡን አሳዩአቸው። አንዱን ሳያጸዱ አስበይዱ፣ አንዱን አጽድተው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቀዳዳውን በገዛ ሥራው ውስጥ ያየ ልጅ ስለ ዘይትና ስለ ሃይድሮጅን ሁለተኛ መንገር አያስፈልገውም። ለዚህ የሚሆኑ የአሸዋና የግፊት ቀፎዎች፣ አንድ የቮልስ ማግኒዚየም ግማሽም ጭምር፣ ይዤ መጥቼ ከበሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ አቼቶውም እዚያው አለ። መጋዙን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ከመካከላችሁ ይምጣ፣ ጥያቄያችሁንም እየቆረጥን እንወያይበታለን።